የመስቀል ወፍ የትም አልሄደም

(በሰኔ መጨረሻ፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የተናገርኩት ነው። ከስልክ ቀረጻ ገለበጥኩት። የተውኩት ማይክሮፎኑ የጠፋባቸውን ደቂቃዎችና የእኔን ሳል ብቻ ነው።)

እንደምን አረፈዳችሁ?

ኧረ ይሄ ሰላምታ አይደለም! ቁርስ የበላ ሰው እንዲህ አይመልስም። እንደገና። እንደምን አረፈዳችሁ? እንዲያ ነው እንጂ! እግዚአብሔር ይመስገን።

ውድ ወላጆች፣ የጠመኔ አቧራ አብረን የጠጣን መምህራን፣ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ አባቶችና እናቶች፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። የመጣችሁት ካርድ ለመቀበል እንደሆነ አውቃለሁ። ርእሰ መምህሩ ግን ብልህ ናቸው፤ ካርዱ የሚሰጠው ከእኔ ንግግር በኋላ ነው። ስለዚህ የትም አትሄዱም።

ለማታውቁኝ፣ 27 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። እዚህ ከተቀመጡት ወላጆች ቢያንስ አራቱን አስተምሬአቸዋለሁ። አንዱን ደግሞ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። እዚያ ጥግ እየሳቀ ነው፣ ይኸውላችሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ክረምት ቤት የምንዘጋበት ሳይሆን የምንወጣበት ጊዜ ስለመሆኑ። ሁለተኛ፣ ከቤታችን አጠገብ ማን ማን እንደሚኖር። ሦስተኛ፣ ልጅ ይዛችሁ ስትወጡ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ። በመሀል ከመንገዴ እወጣለሁ፤ ተማሪዎቼ ያውቁኛል። ታገሱኝ።

ወደ አንደኛው።

ልጆች፣ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት የለም። ክረምቱን ምን ልታደርጉ ነው? እስቲ እጅ አውጡ። «ጌም»። እሺ። «ፊልም»። «ማጠናከሪያ ትምህርት»፤ ያንተ እናት እዚህ አሉ መሰለኝ። «መተኛት»። ይኼኛው እውነቱን ተናገረ፣ አጨብጭቡለት።

ከቤት እወጣለሁ ያለ አለ? አንድም የለም። አንድም!

አልፈርድባችሁም። ክረምት ሲባል ለእኛ ምንድን ነው? ጭቃ ነው። ጉንፋን ነው። ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅ ልብስ ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ላይ «ሰመር» ሲባል ልጆች በፀሐይ ባሕር ዳር ሲሮጡ ይታያል። እኛ ደግሞ ትምህርት የሚዘጋበት ስለሆነ ብቻ ክረምትን «ሰመር» እንለዋለን። አንድ ተማሪዬ ፈተና ላይ «በኢትዮጵያ በሰመር ወቅት በረዶ ይወርዳል» ብሎ ጻፈ። ምን ልበለው? ሐምሌ ላይ በረዶ ቆርቆሯችንን ሲደበድብ አላየንም? ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

አሁን ነገሩን ከወፏ በኩል እዩት። ለወፏ ክረምት ድግስ ነው። ለወራት የደረቀው መሬት ይለሰልሳል። ትሉ ወደ ላይ ይወጣል። ምስጡ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ሣሩ ፍሬ ይይዛል። ምግብ ሲትረፈረፍ ደግሞ ጎጆ ይሠራል፣ እንቁላል ይጣላል፣ ጫጩት ያድጋል። እኛ በር ዘግተን ብርድ ልብስ ስንከናነብ፣ ከአጥራችን ውጭ ሠርግ አለ። የአገር ሠርግ! ሳንጠራ የቀረን መስሎን እንጂ ተጠርተናል።

እዚህ ላይ ስለ መስቀል ወፍ ልንገራችሁ።

ዘመድ ጋ በዓመት አንዴ ስሄድ «የመስቀል ወፍ ሆንሽብን!» ይሉኛል። እናንተም ትባላላችሁ፣ አትደብቁኝ። ከርሞ የሚመጣ፣ ታይቶ የሚጠፋ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ አያቴን «የመስቀል ወፍ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳት። «ከሩቅ አገር» አለችኝ። «ከየት?» «ከኢየሩሳሌም»። ጥርጥር የለውም። አመንኳት። ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አመንኳት።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለመስክ ትምህርት ወጣን። ወሩ ጥር ነው። መምህራችን ሣር ውስጥ ያለች ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ምንም የማትስብ ወፍ አሳዩን። «ምንድን ናት?» «ድንቢጥ» አልን ሁላችንም። «አይደለም። የመስቀል ወፍ ነው» አሉ። ሳቅን። ቀልድ መሰለን።

ቀልድ አልነበረም። በየአካባቢው የመስቀል ወፍ የሚባለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እኛ ልጆች ሳለን የምናውቀው ግን ያ ጥቁሩ፣ ትከሻውና ወገቡ ላይ ቢጫ የተቀባው ነው። ወንዱ ዝናብ ሲገባ አሮጌ ላባውን ያራግፍና ያንን ጥቁርና ቢጫ ይለብሳል። የሠርግ ልብሱ ነው። ሴቷን ለመጥራት ነው። ጫጩቶቹ አድገው ወቅቱ ሲያልፍ ልብሱን ያወልቅና እንደገና ቡናማ ይሆናል። ሴቷማ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት፤ ለማን ትሽቀርቀር?

ገባችሁ? የትም አልሄደም። ኅዳርም እዚሁ ነበር። የካቲትም እዚሁ ነበር። ግንቦትም እዚሁ፣ አጥራችን ላይ! እኛ ነን የማናየው።

ሄጄ ለአያቴ ነገርኳት። ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። ጥጥ እየፈተለች ሰማችኝና «እንግዲህ የመስቀል ወፍ እኔ ነበርኩ በይኛ» አለች።

ሁለተኛው ነጥብ። ጎረቤቶቻችን።

እኛ እንጦጦ ሥር ነው የምንኖረው። ከጫፉ ላይ ሆናችሁ ብታዩት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ታች ቦሌ ስትደርሱ ወደ 2,300 ነው። ይህ ሁሉ ዳገት፣ ሸለቆና ወንዝ በአንድ ከተማ ውስጥ! አራዊቱ በእነዚህ ወንዞች ዳርና ዳር ሌሊት ይወርዳሉ፣ ሳይነጋ ይወጣሉ። እኛ አስፋልቱን እናውቃለን፤ እነሱ ወንዙን ያውቃሉ። ከተማው አንድ ነው፣ መንገዱ ሁለት።

ከአያ ጅቦ ልጀምር። ማን ነው ትናንት ሌሊት የሰማው? እጅ! አያችሁ፣ ግማሹ አዳራሽ።

አያቴ በፍልሰታ ሌሊት ተነሥታ ለሰዓታት ጸሎት ወደ እንጦጦ ማርያም ትወጣ ነበር። አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጉም ነው፣ ፋኖሷ ትንሽ ብቻ ያሳያል። መንገዱ መሀል ጅብ ቆሟል። ቆመች። እሱም ቆመ። ሩጫ የለ፣ ጩኸት የለ። «አንተም ለእንጀራህ ወጥተሃል፣ እኔም ለጸሎቴ። እንተላለፍ» አለችው። ትንሽ አያትና ወደ ገደሉ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሲጮህ «ያ ጎረቤቴ» ትለው ነበር።

እኔ እንደ አያቴ አድርጉ አልልም! ልጅ በሌሊት ብቻውን አይወጣም፣ ሰው ሜዳ ላይ አይተኛም። ጅብ ጅብ ነው። ጎረቤትን ማክበርና ጎረቤትን መናቅ ግን ይለያያሉ። ስንት ሰው ነው ስለ ጅብ ስድብ እንጂ እውቀት የሌለው?

ለምሳሌ ጅብ የውሻ ዘመድ ይመስላችኋል? አይደለም። በዘር ለድመት ነው የሚቀርበው። በጅብ ቤት ማን ነው አለቃ? ሴቷ! በአካልም ትበልጣለች፣ በሥልጣንም ትበልጣለች፣ ወንዱ ከግልገሏ በኋላ ነው የሚበላው። እናቶች፣ አታጨብጭቡ፣ ገና አልጨረስኩም። ኩሱ ለምን ነጭ ነው? አጥንት ስለሚፈጭ ነው፤ ያ ነጭ ነገር ካልሲየም ነው። እናንተ ቤት የተረፈው የበግ እግር ማለት ነው።

አሁን የምነግራችሁን ስሙኝ፣ ይህን በጣም እወደዋለሁ። በትግራይ ተመራማሪዎች የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። ፀጉሩ ማን እንደተበላ ይናገራል። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ አነጻጸሩ። ምን አገኙ? ሁዳዴ ሲገባ ሰው ሥጋ ያቆማል፣ እርድ ይቀንሳል፣ ቆሻሻ ላይ የሚጣል አጥንትና አንጀት ይጠፋል። ጅቡ ታዲያ ምን ያድርግ? አህያ ማደን ይጀምራል። ፋሲካ ሲደርስና ሰው ሲፈስክ፣ እሱም ይቀንሳል። አያችሁ? የእኛ ጾም በጅቡ ገበታ ላይ ይታያል! ቀን መቁጠሪያችን አንድ ነው። ጥናቱ የወጣው በ2012 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ክፍል ውስጥ ሳነበው ልጆቹ ዴስክ ደበደቡ።

ሌላ ልጨምር። በ2021፣ አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በመቀሌ የተሠራ ጥናት አለ። የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ የእንስሳት ጥንብ ይበላሉ አለ። 207 ቶን! ያ ሁሉ ቢበሰብስ አባ ሰንጋውን፣ የከብት ሳንባ ነቀርሳውን አስቡት። በነጻ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ ነው። ደመወዝ አይጠይቅ፣ ጓንት አይጠይቅ። እኛ የምንከፍለው ስድብ ነው።

ከመንገዴ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ።

ሜሪላንድ፣ አሜሪካ የምትኖር እህት አለችኝ። በየሳምንቱ እንደዋወላለን። አንድ ማታ «ዛሬ አጋዘን ጓሮዬ ገብቶ አበባዬን ጨርሶት ሄደ» አለች። በኩራት ነው የምትነግረኝ! እዚያ አጋዘን መንደር ለመንደር ይዞራል። «እናንተ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር የት አለ?» አለችኝ። ምን እንደመለስኩ ታውቃላችሁ? ዝም አልኩ። እኔ ጋ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነበር። መስኮቱን ከፈትኩና ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋሁ። ብርዱ እጄን ቆረጠው። አንድ ደቂቃ... ሁለት ደቂቃ... ከዚያ ከላይ፣ ከባሕር ዛፉ በኩል፣ «ኡ...ዉፕ!» አለ። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ መለሰለት።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልስ እህቴ ታለቅሳለች። 19 ዓመት አልሰማችውም ነበር። «እማዬ ፍራሹን ከበሩ አርቃ ስታነጥፍልን ትዝ አለኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ አጋዘኑን አንሥታብኝ አታውቅም። አልፎ አልፎ «እስቲ መስኮቱን ክፈቺ» ትለኛለች።

የት ነበርን? ጎረቤቶች። እሺ።

በጠዋት ተሰብስቦ በጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈውን ታውቁታላችሁ። ጋጋኖ። ያ አፉ እንደ ማጭድ የታጠፈው፣ ጉሮሮው ሥር ቁራጭ ቆዳ የምትንጠለጠልበት። ልጅ ሲንጫጫ «እንደ ጋጋኖ» እንላለን። ዝናብ ካባራ በኋላ እዚሁ ኳስ ሜዳችሁ ላይ ይወርዳል። ያንን ረጅም አፉን እርጥቡ መሬት ውስጥ እየሰደደ ትል ይለቅማል። አይታችሁት ታውቃላችሁ? ታውቃላችሁ። ቆማችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እህ፣ ዝም አላችሁ። ጋጋኖ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ከእንግሊዝ፣ ከጃፓን ሰው አንገቱ ላይ መነጽር አንጠልጥሎ፣ ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ሊያየው ይመጣል። እናንተ ኳስ ትወረውሩበታላችሁ!

ቁራውም እንደዚያው። ያ አፉ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ። መኖሪያው ይሄው የእኛ ደጋ ነው። ከኖኅ ጀምሮ ስሙ ጠፍቷል፤ የላኩት ሰው ሲቀር «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል። ምስኪን። ቄራ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ጥንብ አንሳውን ቀና ብላችሁ እዩት። ልጅ ሳለሁ ሰማዩ በእነሱ ይጠቁር ነበር። ዛሬ ያ አንገቱን ኮፍያ የለበሰ የሚመስለው ትንሹ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ተመድቧል። የምናውቀው ነገር ነው እኮ፣ የምናውቀው!

እስስትን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ሰው እንደሚጠላው አውቃለሁ። መርዝ የለውም። አይናደፍም። አትግደሉት። የለበሰውን ቀለም የሚቀይረው እናንተን ለማታለል አይደለም፤ ሲበርደው፣ ሲቆጣ፣ ሚስት ሲፈልግ ነው። ስሙን ለከዳተኛ ፖለቲከኛ የሰጠነው እኛ ነን፤ እሱን ማንም አልጠየቀውም።

ጓሮ ያላችሁ ደግሞ ጠዋት አዲስ የአፈር ክምር ታያላችሁ። ፍልፈል ነው። ድንች ካልዘራችሁ ተዉት። ከዘራችሁ... እሱ በእናንተና በእሱ መካከል ነው፣ እኔ አልገባም።

አሁን አንድ የሚከብደኝን ነገር ልናገር።

ከብዙ ዓመት በፊት 90 ተማሪ ይዤ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄድኩ። ሱባን ታውቁታላችሁ፤ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው አሮጌ የጽድ ደን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ዛፍ ያስተከሉበት ይባላል። ጉሬዛ አለ፣ ዝንጀሮ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ። ለተማሪዎቼ አንድ ወር ሙሉ ስለ ጉሬዛ አስተማርኩ። ያ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ፣ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ካባው የሚነፋ። ልጆቹ ጓጉ።

ሁለት አውቶቡስ ተከራየን። ስፒከር ተጫነ። ከበሮ ተጫነ። እየዘፈንን ሄድን፣ እየዘፈንን ደን ገባን፣ ብስኩት በላን፣ ፎቶ ተነሣን፣ እየዘፈንን ተመለስን። ስንት ጉሬዛ አየን? ዜሮ። የጉሬዛ ጅራት እንኳ አላየንም! እሱ ግን ሁላችንንም አይቶናል፣ ሰምቶናል፣ ወደ ላይ ወጥቷል።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ምን አያችሁ?» አልኩ። ዝምታ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጉዞው ላይ አልነበረችም። እናቷ የመዋጮውን ብር አላገኙም ነበር። እኔ ደግሞ አልጠየቅኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ እስከ ዛሬ ያመኛል። «ቲቸር፣ እኔ አይቻለሁ» አለች። ደብተር ይዛ መጣች። ከቤታቸው ጀርባ ያለ ባሕር ዛፍ ላይ ጭልፊት ጎጆ ሠርቷል። ሦስት ሳምንት ተከታትላዋለች። በደብተሯ ጀርባ በእርሳስ ጽፋለች፤ «ጠዋት 1 ሰዓት፣ እናት አይጥ አመጣች። 1 ሰዓት ከ20፣ አባት ጨርቅ አመጣ። ቀይ ጨርቅ። ቁራ መጣ። ተጣሉ። ቁራ ሸሸ።» ስድስት ገጽ!

እናቷ እንጨት ለቅመው የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ልጅቷ ትንሽ ወንድሟን አዝላ በር ላይ እየቆመች ነው ያንን ሁሉ ያየችው። ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም።

(እዚህ ጋ ማይክሮፎኑ ጠፍቶ ነበር።)

ሰማችሁኝ? መጣ? እሺ። ሦስተኛው ነጥብ። ፈጠን ልበል፣ ርእሰ መምህሩ ሰዓት እያዩ ነው።

መቼ እንውጣ? በጠዋት። የእኛ የክረምት ዝናብ ባመዛኙ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጥለው። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለውን ያዙ። ወፉም በዚያ ሰዓት ነው የሚሠራው። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥታችሁ «ምንም የለም» አትበሉኝ።

የት? ሩቅ አይደለም። አቅሙ ያለው ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ይግባ፤ 705 ሄክታር ነው፣ አገር በቀሉን ዛፍ ስሙን ከነጽሑፉ ታገኙታላችሁ። በ2013፣ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም አለ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሂድ። አሮጌ ጽድ፣ አሮጌ ወይራ ያለው እዚያ ነው። እርግቧን አይታችኋታል? አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት፣ ጉልላቱ ሥር የምታድር? እሷም የዚህ ደጋ ልጅ ናት። የቤታችሁ አጥርም ይበቃል። የጭልፊቷን ልጅ አትርሱ።

ምን እናድርግ? ተቀመጡ። ይኸው ነው ትምህርቱ። አንድ ቦታ 20 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ልጁ ይቁነጠነጣል። አሥረኛው ላይ «እንሂድ» ይላል። አሥራ አምስተኛው ላይ ወፎቹ ይረሷችኋል። ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ደቂቃ ነው የእናንተ። አባቶች፣ ስልካችሁን እማጸናችኋለሁ። ስልካችሁን!

አሁን ደግሞ ማስጠንቀቂያ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም።

ወንዝ። ክረምት ላይ ከተማችን ውስጥ ወንዝ አትግቡ፣ ዳሩ ላይም አትጫወቱ። ሽሮ ሜዳ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ያ ውሃ ተሰብስቦ ይወርዳል። ደራሽ ውሃ ድምፁ ሲሰማ ጊዜ የላችሁም። ጥሩ የነበረው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ፕላስቲክ ይዞ ከመጣ፣ ዕቃ አትሰብስቡ፤ ውጡ። ብቻ ውጡ።

መብረቅ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ዝናቡ ይምታችሁ፣ ልብስ ይደርቃል።

ውሻ። ከጅቡ ይልቅ የምፈራው ባለቤት የሌለውን ውሻ ነው። ልጅ ከተነከሰ፣ ቢጫጭረውም እንኳ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነገ አትበሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ እንትን አትቀቡት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

ጦጣና ዝንጀሮ። ዳቦ አትስጡ። ዛሬ ከእጃችሁ የተቀበለ ጦጣ ነገ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል፤ ከዚያ «አስቸገረ» ተብሎ በድንጋይ ይባረራል። ጥፋቱ የማን ነው?

ጫጩት መሬት ላይ ብታገኙ ወደ ቤት አታምጡ። እናቱ ቅርብ ናት፣ እናንተ እስክትሄዱ ነው የምትጠብቀው። ልጅ ሆኜ አምጥቼ፣ ሽሮ አበላሁት። ቀጥሎ የሆነውን አልነግራችሁም።

ጫማ? አሮጌ። እናቶች፣ ጭቃ ለብሶ ለመጣ ልጅ ቁጣ በልኩ ይሁን። ሳማ ከለበለበው ያለቅሳል፣ ከዚያ ይረሳል፣ ሳማን ግን ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል። እኔ 27 ዓመት ባስተምር አንድም ተማሪ ሳማን ያን ያህል አላሳወቅኩም።

አንድ የአምሳ ገጽ ደብተርና እርሳስ ግዙላቸው። እስኪርቢቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ቀን፣ ሰዓት፣ ያዩትን። ስሙን ካላወቁት «ጭራው የረዘመ፣ ሆዱ ነጭ» ብለው ይጻፉ። መስከረም ላይ እኔ ጋ አምጡልኝ፣ ስሙን አብረን እንፈልጋለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ፤ እኔም ሁሉን አላውቀውም፣ አብረን እንሳሳታለን።

ርእሰ መምህሩ ተነሡ። ገብቶኛል፣ ገብቶኛል።

ልጄ፣ አንተ ምንድን ነው የምትጠይቀው? ተነሥ። «ቲቸር፣ ጅቡንስ እናየዋለን?» አይ፣ በጠዋት አናየውም። ዱካውን ግን አሳይሃለሁ፤ ጭቃ ላይ ያለው የሌሊቱ ዱካ እስከ ሦስት ሰዓት አይጠፋም። ነጩንም ነገር እናገኛለን። አዎ፣ በእንጨት መንካት ትችላለህ። በእጅ አይደለም!

እንግዲህ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ እዚሁ በር ላይ እቆማለሁ። ክፍያ የለም፤ መዋጮም የለም። ልጅ ብቻውን አይመጣም፣ ከወላጅ ጋር ነው። ወላጁ ካልቻለ ታላቅ እህት፣ አጎት፣ ጎረቤት ይምጣ። ካፊያ ቢሆን እንሄዳለን፣ ዶፍ ከሆነ ለእሑድ ይዛወራል። ስፒከር ይዞ የመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ይህን ለዚያ ጥግ ላይ ለሚስቀው ነው የምናገረው። ሻይ በፔርሙስ እኔ አመጣለሁ። ስኒ የየራሳችሁን።

ካርዳችሁን ተቀበሉ።